ሪፖዚተሪ ከማጽዳታችን በፊት፦ ማንም የማይነካውን ፓኬጅ በምን እንለየው?

ሰላም ለቤቱ። እንደምን ሰነበታችሁ።

የምሠራው ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ስሙን እንለፈው። የምንጠቀምባቸውን ፓኬጆች (የታሸጉ የኮድ ፋይሎች) የምናስቀምጥበት የራሳችን ሪፖዚተሪ፣ ማለትም ማከማቻ አለን፤ የሚሠራው ኔክሰስ በሚባል ፕሮግራም ነው። የጃቫው፣ የኤንፒኤሙ (የጃቫስክሪፕቱ)፣ የዶከር ኢሜጁ (ፕሮግራም ከነሚያስፈልገው የታሸገበት) ሁሉ እዚያው ነው። አሁን ዲስኩ እስከ አፍ ገደፉ ሞልቷል። አለቆች ደግሞ ሰኔ 30 ሳይደርስ ጸድቶ እንዲያልቅ ይፈልጋሉ።

ቡድናችን ውስጥ የተያዘው ሐሳብ ቀላል ነው። ኔክሰስ እያንዳንዱ ፋይል ለመጨረሻ ጊዜ የወረደበትን ቀን ይመዘግባል። በ180 ቀን ውስጥ ያልወረደ ሁሉ ይጥፋ፣ በቃ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። አልወረደም ማለት አይፈለግም ማለት አይደለም።

አንድ ፋይል ላሳያችሁ። የሒሳብ መዝጊያ ሞጁል አለን፤ ስሪቱ 2.3.1 ነው። ጃሩ (የጃቫ ፓኬጅ ፋይሉ) አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ለመጨረሻ ጊዜ የወረደው ባለፈው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ዞር ብሎ ያየው የለም። የሚፈለገው በዓመት አንዴ፣ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ነዋ! አሁን ግንቦት ላይ ነን። በ180 ቀኑ ሕግ ከሄድን፣ ይህ ፋይል የሚሰረዘው ሊፈለግ ሳምንታት ሲቀሩት ነው።

እናንተስ እንዴት ታደርጋላችሁ? ከመሰረዛችሁ በፊት የማይፈለግ መሆኑን በምን ታረጋግጣላችሁ?

(ማስታወሻ፦ መልሱ ስለበዛ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲመች በየተራ ቁጥሩ ከታች አሳጥሬዋለሁ። የማንንም ቃል በቀጥታ አልገለበጥኩም። የራሴንም አስተያየት ጣል ጣል አድርጌበታለሁ፤ ታገሡኝ።)

1ኛ መልስ። ጨዋ ሰው ነው። በስጋቴ ተስማምቶ፣ ለማያውቅ ሰው የኔክሰስን የማጽጃ ፖሊሲ፣ ማለትም በራሱ የሚሰርዝበትን ሕግ፣ አሠራር አስረዳ። ማጽጃው በፋይሉ ዕድሜ፣ መጨረሻ በወረደበት ቀን ወይም በስሙ ሊገደብ ይችላል። ከማስነሳታችን በፊት ምን ምን እንደሚነካ ቅድመ እይታውን እንድናይ መከረ። ሌላም ነገር አነሣ። ፖሊሲው ሲሠራ ፋይሉ ላይ ተሰርዟል የሚል ምልክት ነው የሚደረግበት። ዲስኩ ላይ ቦታ የሚለቀቀው ኮምፓክት የሚባለው ሥራ ለብቻው ሲካሄድ ነው። ይህን ሳያውቅ ቀኑን ሙሉ ሲያጸዳ ውሎ፣ ዲስኩ ንቅንቅ አልል ያለው ስንቱ ነው።

2ኛ መልስ። መልስ ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ ጥያቄው ግን ተገቢ ነው። ዲስኩን የሞላው የራሳችን ሥራ ነው ወይስ ከውጭ የቀዳነው? ከማቨን ሴንትራል (የጃቫ ፓኬጆች የሕዝብ ማከማቻ) ወይም ከኤንፒኤም በፕሮክሲ፣ ማለትም ከውጭ ቀድቶ በሚያስቀምጠው ክፍል የመጣ ፋይል ቢጠፋ፣ ሲፈለግ ተመልሶ ይወርዳል። እኛ ራሳችን ገንብተን ያስቀመጥነው ግን ሌላ ቦታ የለም። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ሕግ ማጽዳት አይገባም ባይ ነው። እኔም አይቼ መለስኩለት፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፕሮክሲ ነው።

3ኛ መልስ። 2ኛውን አረመች። በፕሮክሲ የመጣ ሁሉ ተመልሶ ይወርዳል የሚለው ነገር የዋህነት ነው ባይ ናት። ማስረጃ ይዛ ነው የመጣችው። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 አንድ ገንቢ ሌፍትፓድ የምትባለዋን 11 መስመር ኮድ ከኤንፒኤም ሲያነሳት፣ በዓለም ዙሪያ የስንቱ ሰው ቢልድ (ከኮዱ ፕሮግራም የመገንባት ሥራ) እንደተሰበረ አስታወሰችን። ኤንፒኤም ከዚያ በኋላ ደንቡን አጥብቋል፤ ዛሬ 72 ሰዓት ያለፈውን ፓኬጅ ማንሳት ቅድመ ሁኔታ አለው። ሁለተኛው ምሳሌዋ ጄሴንተር የተባለው የጃቫ ፓኬጆች የሕዝብ ማከማቻ ነው። ባለቤቱ ጄፍሮግ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 እዘጋለሁ አለ፤ ጄሴንተር የነበረበት ቢንትሬይ የተባለው አገልግሎት በዚያው ዓመት ሜይ 1 ተዘጋ። ጄሴንተር ላይ ብቻ ይገኙ የነበሩና ወደ ማቨን ሴንትራል ያልተሻገሩ ላይብረሪዎች ነበሩ። የድሮ አንድሮይድ ፕሮጀክት ያለው ሰው ነገሩ ይገባዋል። ስለዚህ ምንጩ አሁንም በሕይወት መኖሩን ሳታዩ ከፕሮክሲው አትሰርዙ ነው ምክሯ። እኔ ይህችን መልስ ወድጃታለሁ።

ከ4 እስከ 6። እዚህ ጋ ነው ነገሩ መሞቅ የጀመረው። 4ኛው በአንድ መስመር ገላገለን፤ ዲስክ ርካሽ ነው፣ ግዙ፣ ጊዜያችሁን አታባክኑ። 5ኛው ቱግ አለ። ሰውየው የሚኖረው የት አገር እንደሆነ ጠየቀው። ለአንድ የሰርቨር ዲስክ ፕሮፎርማ መሰብሰብ አለ፣ የግዥ ኮሚቴ አለ፣ ኮሚቴው ምልዓተ ጉባኤ እስኪሞላ መጠበቅ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ፕሮፎርማው ቀኑ ሳያልፍበት የሚፈርም አለቃ ማግኘት ራሱ ዕድል ነው። 6ኛው ያው 4ኛው ሰውዬ ነው፤ ተመልሶ መጣ። እሱ የሚሠራው በግል ድርጅት እንደሆነና እዚያ ዲስክ በሳምንት እንደሚገዛ ነገረን። እሰይ፣ ደስ ይበልህ።

7ኛ መልስ። ከሁሉ የጠቀመኝ ሁለት መልስ ነው፤ አንዱ ይህ ነው። ጸሐፊው ሜክሲኮ አካባቢ የሚሠራ የሲስተም ባለሙያ ነው። የመጨረሻው ማውረጃ ቀን በሁለት በኩል ይዋሻል አለ። አንደኛ፣ የሞተ ያስመስላል። እያንዳንዱ ገንቢ ኮምፒውተሩ ላይ የራሱ የማቨን ካሽ፣ ማለትም አንዴ የወረደ ፋይል የሚቀመጥበት ቦታ አለው። ቢልድ ሰርቨሩም አለው። አንድ ፓኬጅ አንዴ ከወረደ ከዚያ በኋላ የሚነበበው ከካሹ ነው። ስለዚህ በየቀኑ የምንጠቀምበት ፓኬጅ ኔክሰስ ላይ ዓመት ሙሉ ሳይነካ ሊታይ ይችላል። አዲስ ሠራተኛ አዲስ ላፕቶፕ ይዞ ሲመጣ ነው የሚጮኸው።

ሁለተኛ፣ በሕይወት ያለ ያስመስላል። ሁሉንም ፋይል እየሄደ የሚያወርድ ስካነር ወይም የሆነ ሰው ጽፎ የረሳው ስክሪፕት ካለ፣ የሁሉም ቀን ትናንት ይሆናል። ያኔ ማንም የማይፈልገው ነገር የለም ማለት ነው። መፍትሔውም የሪኩዌስት ሎጉን (የኔክሰስን የጥያቄ መዝገብ) ማየት ነው። እዚያ ላይ ማን በየትኛው አካውንት፣ በምን ፕሮግራም እንዳወረደ ተጽፏል። የስካነሩን አካውንት አውጥታችሁ የቀረውን ቁጠሩ። ሎጉ ግን ጊዜው ሲደርስ ስለሚጠፋ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለብቻ ማስቀመጥ ይኖርባችኋል።

እኔም ሎጉን ከፈትኩት። አብዛኛው መስመር የአንድ አካውንት ነው። የቢልድ ሰርቨሩም አይደለም። ከተወሰነ ጊዜ በፊት የለቀቀ ልጅ ለሙከራ የከፈተው አካውንት ነው፤ ከአንድ የተረሳ ማሽን ላይ ሌሊት ሌሊት ብዙ ፋይል ያወርዳል። ለማን እንደሚያወርድ የሚያውቅ የለም።

8ኛና 9ኛ። 8ኛው ኔክሰስ የለውም፤ የዴቢያን ሊኑክስ ፓኬጆችን ተራ ፎልደር ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ፋይንድ በምትባለዋ ትእዛዝ ዓመት ሙሉ ያልተነበቡትን ፈልጎ እንደሚያጠፋ በኩራት ነገረን። 9ኛው አላሳለፈውም። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ የንባብ ሰዓትን በነባሪነት የሚያድሰው በቁጠባ መሆኑን፣ ብዙ አስተዳዳሪ ደግሞ ለፍጥነት ሲል ጨርሶ እንደሚያጠፋው አስረዳ። ያኔ ቀኑ ከተቀዳበት ዕለት ንቅንቅ አይልም። ባልጠፋበት ደግሞ ባክአፕ ሲወሰድ የሁሉም ሊታደስ ይችላል። ዲስኩ በየትኛው አማራጭ ማውንት እንደተደረገ ሳታይ እንዴት ሰረዝክ ብሎ ጠየቀው። 8ኛው እስካሁን አልመለሰም። እንግዲህ ደህና ይሁን።

10ኛ መልስ። ለ8ኛው አዘነለት መሰለኝ፣ መውጫ አሳየው። ሬፕሬፕሮ ወይም አፕትሊ ቢጠቀም፣ ከየትኛውም ዝርዝር ያልተጠቀሰውን ፋይል መሣሪያው ራሱ ለይቶ ያወጣለታል። ያኔ ጥያቄው ማን አነበበው ሳይሆን ማን ጠቀሰው ይሆናል።

11ኛ መልስ። ይህ ሁለተኛው ነው። የጻፉት አንጋፋ ባለሙያ ናቸው፤ ቤቱ ሁሉ ያውቃቸዋል። ከመጋዘኑ ሳይሆን ከተጠቃሚው ጀምሩ ነው ያሉት። በመጀመሪያ ፕሮዳክሽን (ሰው በሚገለገልበት ሥርዓት) ላይ አሁን እየሠራ ያለውን ሁሉ ዘርዝሩ፤ የትኛው ሰርቨር ላይ የትኛው ጃር፣ የትኛው ኢሜጅ እንዳለ። ቀጥሎ ጊት (ኮዱ ከነታሪኩ የሚቀመጥበት) ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ፕሮጀክት አውጡ። ዋናውን ቅርንጫፍ ብቻ አይደለም፤ በሕይወት ያሉትን ቅርንጫፎችና ስሪት የወጣባቸውን ታጎች ሁሉ። የኤንፒኤሙን ስሪቶቹ ከተጻፉበት ሎክ ፋይል፣ የማቨኑን ከነጥገኞቹ (ከሚፈልጋቸው ላይብረሪዎች ጋር) አስወጥታችሁ፣ የዶከሩን ከየፋይሉ የመነሻ መስመር ልቀሙ። የተገኘውን ስምና ስሪት ከሪፖዚተሪው ዝርዝር ላይ ቀንሱ። የቀረው ተጠርጣሪ ነው። ተጠርጣሪ ነው ያሉት፤ ጥፋተኛ አላሉም።

ከዚያ ወጥመዱን ነገሩን። ማቨን ላይ ጃር የሌለው፣ ፖም ፋይል (የፕሮጀክት መግለጫ) ብቻ የሆነ ወላጅ ፕሮጀክት ይኖራል። ከጥገኞች ዝርዝር ውስጥ አይወጣም። እሱ ከጠፋ ግን ልጆቹ አንዳቸውም አይገነቡም። ዶከር ላይ ደግሞ ኢሜጁን በታግ (በስሪት ስሙ) ሳይሆን በዳይጀስት (ከይዘቱ በሚወጣ መለያ) የሚጠራ ሰው አለ። ታጉን ብቻ ካያችሁ ያንን አታገኙትም።

ያሉትን በአንድ ፕሮጀክት ላይ ሞከርኩት። ከተጠርጣሪዎቹ መሀል በመጀመሪያ ዓይኔ የገባው አንድ ወላጅ ፖም ነው። መጠኑ ጥቂት ኪሎባይት ነው፤ ብንሰርዘው ዲስኩ አያውቀውም። ከፍቼ ስሙን ጊት ውስጥ ስፈልገው የደመወዙም፣ የንብረቱም፣ የግዥውም ሞጁል እሱን ነው የሚጠሩት። ሦስቱም ከበላያቸው ባለ አንድ ዝም ያለ ፋይል ተንጠልጥለዋል። እሳቸውን ከልብ አመሰገንኳቸው።

12ኛ መልስ። በፊት ይሠራበት የነበረ ቤት ያጋጠመውን አወራን፤ የቤቱን ስም አልጠቀሰም፣ አሳምሯል። ነሐሴ ላይ በዚሁ በ180 ቀን ሕግ አጸዱ። ከእንቁጣጣሽ በኋላ አዲሱ ስሪት ፕሮዳክሽን ላይ አልሠራ ሲል ወደ አሮጌው ልመለስ አሉ። አሮጌው የለም። ኮዱ አለ ብለው እንደገና ገነቡት። የጃር ፋይል ውስጥ የሰዓት ምልክት ስለሚገባ፣ ያው ኮድ ሁለቴ ሲገነባ ሃሹ (ከፋይሉ ይዘት የሚወጣው መለያ) አንድ አይሆንም። መጫኛ ስክሪፕታቸው የድሮውን ሃሽ ነው የሚያውቀው፤ አልቀበልም አለ። ሌሊቱን ያደሩት ስክሪፕቱን ለማሳመን ነው።

13ኛ መልስ። የሒሳብ መዝጊያ ፋይሌን አይቶ፣ የዕድር ድንኳን ነው አለኝ፤ ዓመት ሙሉ ዕቃ ቤት ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ አልተነካም ብሎ ይሸጥ የሚል ግን የለም። አሳቀኝ። ቁም ነገርም አከለበት። የኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የመዝጊያው ሥራ ግን አንዳንዴ ተንሸራቶ ነሐሴ ይገባል። ስለዚህ 365 ቀን እንኳ አይበቃም፤ ለራሳችን ሪሊዝ (አልቆ ለወጣ ስሪት) ከ400 ቀን በታች አትቁረጡ ነው የሚለው።

ከ14 እስከ 17 ከርእሱ ወጣን። 14ኛው ካዛንቺስ ሲፈርስ ቢሯቸው መነሳቱንና ሰርቨር ሲያጓጉዙ ማንም የማያውቀው ማሽን ከጠረጴዛ ሥር መገኘቱን ተረከ። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ከርእሱ ጋር ይሄዳል። ከዚያ ግን 15ኛው ካዛንቺስ የነበሩት የምሳ ቤቶች የት እንደገቡ ጠየቀ፤ 16ኛው ፒያሳንም ጨመረ፤ 17ኛው ስለ ማኪያቶ ዋጋ ምሬቱን ዘረገፈው። ምሬቱ እውነት ነው፤ ቦታው ግን እዚህ አይደለም።

18ኛ መልስ። የመድረኩ አስተባባሪ ናት። ወደ ርእሱ መለሰችን። በትሕትና ነው፤ ግን ሁለተኛ አልናገርም የሚል ድምፅ አለበት።

19ኛ መልስ። ይሄኛው ኃይለኛ ነው። ሁላችንንም ወቀሰ። ችግሩ ማጽዳት አለመቻል ሳይሆን ያለልክ መጣል ነው አለ። እያንዳንዷ ኮሚት (የኮድ ለውጥ) ስናፕሾት (ያላለቀ ጊዜያዊ ስሪት) ትወልዳለች፤ ማንም አይመለከታትም። ከሪሊዝ ጋር የምትታገሉት ለምንድን ነው፣ ስናፕሾቱን አጽዱ፤ ከእያንዳንዱ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ትታችሁ ሌላውን ብታጠፉ ማንም አያለቅስም። አነጋገሩ ይከብዳል፣ ነገሩ ግን ልክ ነው። ሄጄ አየሁ። የራሳችን ከሆነው ክፍል አብዛኛውን የያዘው ስናፕሾት ነው። የዱሮ ቅርንጫፎች ስናፕሾት፤ ቅርንጫፎቹ ራሳቸው ጊት ላይ የሉም።

20ኛና 21ኛ። 20ኛው መሰረዙ ቀርቶ ተጠርጣሪዎቹን ወደ ሌላ ሪፖዚተሪ እንድናወጣቸው መከረ፤ ሰው ከሚደርስበት ግሩፕ ውጭ። ቢልዱ የተሰበረበት ሰው ይጮኻል፤ ያኔ መልሳችሁ ታስገቡለታላችሁ። 21ኛው ይህ የዲስኩን ችግር የማይፈታ የፈሪ ዘዴ ነው ብሎ ተሳለቀ። ቦታ ከቀየረ ምን ተጠቀምን ባይ ነው። 20ኛው ተናዶ ነው የመለሰለት፦ ሁለተኛው ሪፖዚተሪ ዘገምተኛ በሆነ አሮጌ ዲስክ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፣ ያንን የማያስብ ሰው ቀድሞ ባይሳለቅ ይሻለዋል። እኔ ከ20ኛው ጋር ነኝ። ሐምሌና ነሐሴን እስኪያልፉ እዚያ ቢቆዩ የሚጎዳው የለም። ደግሞም ካሹ ያለበት ሰው ወዲያው ስለማይጮኽ፣ በቢልድ ሰርቨሩ ላይ ካሹን ባዶ አድርገን ሁሉንም ፕሮጀክት አንዴ ከዜሮ ብንገነባ ጩኸቱን ራሳችን ቀድመን እንሰማዋለን። ይህን ስጽፍ 11ኛዋ አንጋፋ የሚስማሙ መሆናቸውን በምልክት ገለጹልኝ።

22ኛ መልስ። ስለ ዶከር ነው። ኢሜጆች ሌየር (የተደራረቡ የፋይል ክፍሎች) ይጋራሉ፤ ስለዚህ አንድ ትልቅ ኢሜጅ ሰርዘህ የጠበቅከውን ያህል ቦታ ላታገኝ ትችላለህ። ቅደም ተከተሉም አለው፤ መጀመሪያ ፖሊሲው፣ ቀጥሎ የማይጠሩ ማኒፌስቶችን (የኢሜጅ መግለጫ ፋይሎችን) የሚያጠፋው ሥራ፣ መጨረሻ ኮምፓክቱ። ከዚህ የበለጠ ግን ማስጠንቀቂያው ነው የገረመኝ። ዶከር ሀብ (የዶከር ኢሜጆች የሕዝብ ማከማቻ) እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ በአካውንት ሳይገባ ለሚያወርድ ሰው ገደብ አለው፤ ከአንድ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) በ6 ሰዓት 100 ማውረድ። የኛ መሥሪያ ቤት በሙሉ ወደ ውጭ የሚወጣው በአንድ አይፒ ነው። ዓርብ ማታ የፕሮክሲውን ኢሜጆች ጠርገን ሰኞ ጠዋት ሁሉም ቢልድ አንድ ላይ ቢነሳ፣ ምሳ ሳይደርስ በሩ ይዘጋብናል። ስለዚህ ቢያንስ በአካውንት እንግባ፣ የመነሻ ኢሜጆቹንም ከማጽዳቱ ውጭ እናድርጋቸው ነው የሚለው።

23ኛ መልስ። ኮምፓክቱን በሥራ ሰዓት ማስነሳት ይቻላል ወይ ብላ ጠየቀች። ሁለት ሰው ተረባርቦ መለሰላት፤ ዲስኩን ስለሚያጨናንቅ ማታ ወይም እሑድ ይሁን፣ ባክአፕ ሳይወሰድ አይነካ፣ መብራት ቢጠፋ ዩፒኤሱ እስከ መቼ እንደሚይዝ ይታወቅ። የኛ ዩፒኤስ ባትሪው ከደከመ ቆይቷል፤ ስለዚህ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ጥበቃ ተረኛ የሆነበትን እሑድ መርጠናል።

26ኛ መልስ። ስክሪፕቱን ለጥፍልን አለኝ። ነገ እለጥፋለሁ፤ የሰርቨሮቻችንን ስም ማውጣት አለብኝ። የሚሠራው ቀላል ነው፦ የ11ኛዋን ዝርዝር ከኔክሰሱ ዝርዝር ላይ ይቀንሳል፣ ፖም ብቻ የሆኑትን ለብቻ ያስቀምጣል፣ ስናፕሾትና ሪሊዝን በተለያየ ፋይል ይጽፋል። ምንም አይሰርዝም። መሰረዙ በሰው እጅ፣ የየቡድኑ ኃላፊ ዝርዝሩን አይቶ ከፈረመ በኋላ ነው።

27ኛ መልስ። መፈረሙ ላይ ተከራከረኝ። ኃላፊዎች ሳያዩ ይፈርማሉ ነው የሚለው። እንግዲያው ዝርዝሩን በቡድን በቡድን ከፍዬ፣ በመጠን አስተካክዬ፣ ትልልቆቹን ከላይ አድርጌ እልክላቸዋለሁ። የሒሳብ ክፍሉን ዝርዝር ግን ራሴ ይዤ እሄዳለሁ።